የዳነው በመድኃኒቱ፥ የሞተው በቀኑ

ርኅራኄ ያለው ሰው ሁሉ የሚያደርገውን የሚያውቅ ይመስለዋል። የወደቀውን ለማንሣት ሲሮጥ፥ በእጁ የያዘው ነገር የሚያነሣ ይሁን ወይም የሚጥል ለመመርመር ጊዜ የለውም፤ ልቡ ንጹሕ ስለ ሆነ እጁም የቀና ይመስለዋል። ነገር ግን የልብ ንጽሕናና የእጅ ቅንነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱም ያለ ሌላው ሊገኝ ይችላል። ይህን የሚያስረዳ ነገር በልጅነቴ በቅኔ ቤት ሳለሁ አይቻለሁ። በዚያን ጊዜ ግን አልገባኝም ነበር፤ የገባኝ ከብዙ ዘመን በኋላ፥ ራሳቸውን ተመትተው አእምሮአቸውን ስለ ሳቱ ሰዎችና ስለሚሰጣቸው መድኃኒት የተጻፈውን ባነበብሁ ጊዜ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከጓደኞቻችን አንዱ የጎጆ ክዳን ሲከድን ወድቆ ራሱን ተመታ። እስከ ማታ ድረስ ቢጠሩት የማይሰማ፥ ቢነኩት የማይነቃ ሆነ። በአገሩ በመድኃኒት ዐዋቂነታቸው የታወቁ አንድ ሽማግሌ ተጠርተው መጡና ቅጠል ጨምቀው በአፍንጫው ጨመሩለት። ልጁ በሦስተኛው ቀን ዐይኑን ገልጦ ውሃ ለመነ፤ ከጥቂት ሳምንትም በኋላ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሽማግሌው ስም ከፍ ከፍ አለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላውን ልጅ በቅሎ ጣለውና እንደዚሁ ራሱን ተመታ። ያው ሽማግሌ መጡ፤ ያንኑ ቅጠል ጨመሩለት፤ ልጁ ግን በሁለተኛው ሌሊት ዐረፈ። እኛም አልቅሰን ከቀበርነው በኋላ ሁላችን በአንድ ቃል «ቀኑ ደርሶ ነው» አልን።

ከቀብር ስንመለስ የኔታ በመንገድ ላይ ቆም ብለው፥ «ያ የዳነው ልጅ ያለ ቅጠሉ ቢተኛ ኖሮ አይነሣም ነበርን? ይህስ የሞተው ያለ ቅጠሉ ቢተኛ ኖሮ ይሞት ነበርን?» ብለው ጠየቁን። ከመካከላችን የመለሰላቸው የለም። እርሳቸውም ጥያቄውን ጥለውልን መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እንግዲህ ያደረግነውን ልብ እናድርግ። የዳነውን ለመድኃኒቱ ሰጠነው፤ የሞተውን ለቀኑ ሰጠነው። በእንዲህ ያለ ችሎት መድኃኒቱ ሁልጊዜ ይረታል እንጂ ከቶ አይረታም፤ ምክንያቱም ምስክሮቹ ሁሉ የእርሱ ናቸው፤ በእርሱ ላይ የሚመሰክረው ሞቶአልና። ቅኔ የተማረ ሰው ሰሙን በሰማ ጊዜ ወርቁን ያገኘ አይመስለውም። «መድኃኒት ተሰጠው፤ ዳነ» የሚለው ቃል ሰሙ ነው፤ በምን እንደ ዳነ የሚገልጠው ወርቁ ግን ከውስጥ ተሰውሮአል። ይህን የተሰወረውን ለማውጣት የሚደረገው ምርመራ የሚፈቀድ ነውን? ይልቁንም በሽተኛው መናገር የማይችል፥ እሺ ወይም እንቢ ለማለት አንደበት የሌለው ሲሆን የሚፈቀድ ነውን? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው።

አስቀድመን የበሽታውን ነገር እንይ። አንጎል በራስ ቅል ውስጥ የተቀመጠ እጅግ ለስላሳ አካል ነው። ራስ በብርቱ በተመታ ጊዜ የሚደርሰው ጉዳት ሁለት ዐይነት ነው። የመጀመሪያው ምቱ ራሱ የሚያደርሰው ነው፤ የደም ሥሮች ይበጠሳሉ፥ የአንጎል ጅማቶች ይቈረጣሉ፤ ይህን ወደ ኋላ የሚመልስ መድኃኒት የለም። ሁለተኛው ግን ከምቱ በኋላ ባሉት ሰዓቶችና ቀኖች ቀስ እያለ የሚመጣ ነው። ደም ይቋጠራል፤ አንጎል ያብጣል፤ የራስ ቅል አጥንት ስለ ሆነ አይለጠጥም፤ ስለዚህ በውስጡ ያለው ግፊት ይበረታል፥ አዲስ ደምም እንዳይገባ ይከለክላል። የተጎዱትም የአንጎል ሕዋሳት ከልክ ያለፈ ንጥረ ነገር እያፈሰሱ በአጠገባቸው ያሉትን ደኅነኞች ያጠፋሉ። ሐኪሞች ተስፋ ያደረጉት ይህን ሁለተኛውን ጉዳት ለማገድ ነው። አንጎልን ከሁለተኛው ሞት የሚጠብቅ መድኃኒት ቢገኝ ብዙ ሰው ይተርፋል ብለው አሰቡ፤ አሳቡም መልካም ነበረ።

ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱ ስቴሮይድ የተባለው ነው። ዘመኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁና፥ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ይህ መድኃኒት በአንጎል ውስጥ በበቀለ ዕጢ ዙሪያ ያለውን እብጠት እንደሚቀንስ ታየ። ከዚህም የተነሣ ሐኪሞች «የዕጢውን እብጠት ከቀነሰ የምቱንም እብጠት ይቀንሳል» ብለው በምሳሌ አሰቡ። መድኃኒቱም ራሳቸውን ለተመቱ ሰዎች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲሰጥ ኖረ። አንዳንዱ ሐኪም ቤት ለብዙዎቹ ይሰጥ ነበር፤ አንዳንዱ ደግሞ ከቶ አይሰጥም ነበር። ሁሉም እውነትን የያዘ ይመስለው ነበር፤ የዳነውንም ለመድኃኒቱ፥ የሞተውንም ለምቱ ብርታት ይሰጡ ነበር። በልዩ ልዩ አገር የተደረጉት ትንንሽ ሙከራዎች ተደምረው ቢመረመሩ እንኳ ነገሩን ለመቍረጥ አልበቁም፤ መድኃኒቱ ጥቂት ይጠቅም ወይም ጥቂት ይጎዳ እንደ ሆነ ከእነርሱ ለይቶ ማወቅ አልተቻለም።

በዚህ ምክንያት በለንደን በሃይጂንና የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ያሉ ሊቃውንት የመሩት፥ ክራሽ የተባለ ታላቅ ምርመራ በ1999 ተጀመረ። በ49 አገሮች ያሉ 239 ሐኪም ቤቶች ገቡበት። ሥርዐቱም ይህ ነበረ። ራሱን ተመትቶ አእምሮው የተነካ ጐልማሳ ሰው ምቱ ከደረሰበት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ሲመጣ፥ ሐኪሙም ስቴሮይድ ይጠቅመው ወይም ይጎዳው እንደ ሆነ በእውነት የማያውቅ ሲሆን፥ በዕጣ ከሁለት አንዱ ይደርሰዋል፤ ወይ ሜቲልፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ፥ ወይም መልኩ ያንኑ የሚመስል መድኃኒት የሌለበት ውሃ። የሰጠውም ሐኪም የተቀበለውም ቁስለኛ የትኛው እንደ ሆነ አያውቁም። ከዚህ በቀር የሚገባው ሕክምና ሁሉ ለሁለቱም ወገን ይደረግላቸዋል። 20,000 ሰው ለመመርመር ታስቦ ነበር። ነገር ግን የሞተውንና የዳነውን በየጊዜው እየቈጠሩ በስውር የሚመለከቱ ጠባቂዎች ተሾመው ነበርና፥ በግንቦት 2004 ያዩትን ገለጡ፤ ሥራውም ቆመ። እስከዚያ የገቡት ሰዎች 10,008 ነበሩ።

ጠባቂዎቹ ያዩት ምን ነበር? በሁለት ሳምንት ውስጥ መድኃኒቱን ከተቀበሉት 1,052 ሰዎች ሞተዋል፤ ይኸውም ከመቶው 21.1 ነው። ውሃውን ከተቀበሉት የሞቱት 893 ናቸው፤ ይኸውም ከመቶው 17.9 ነው። ሁለቱ ወገኖች በቍጥር እኩል ለማለት ይቻላል። እንግዲህ ከሠላሳ ዓመት በላይ በርኅራኄ የተሰጠው መድኃኒት ከመቶ ሰው ሦስት ያህል የሚጨምር ገዳይ ሆኖ ተገኘ። ይህን ያህል ልዩነት አንድ ሐኪም በአንድ ሐኪም ቤት ተቀምጦ ዕድሜውን ሁሉ ቢሠራ ሊያየው አይችልም። ከመቶ ተመትተው ከመጡት ዐሥራ ስምንት ይሞታሉ ወይስ ሃያ አንድ? ዐይን ይህን አይለይም፤ የሚለየው ቍጥር ብቻ ነው።

በዚህ ነገር ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ይነሣሉ፤ ሦስቱም የሚናቁ አይደሉምና አንድ በአንድ እንመልከታቸው።

የመጀመሪያው፥ «በሰው ነፍስ ላይ ዕጣ መጣል ንቀት ነው» የሚል ነው። ነገር ግን ወንድማማች የአባታቸውን መሬት ሲካፈሉ ስለምን ዕጣ እንደሚጣጣሉ እናውቃለን። መሬቱን ስለ ናቁት አይደለም፤ እጅግ ስለሚወዱትና የአንዱ ፈቃድ በሌላው ላይ እንዳይሠለጥን ስለሚፈሩ ነው እንጂ። በሕክምናም እንዲሁ ነው። ሐኪሙ በወደደው ቢመርጥ፥ ይድናል ብሎ ለሚያስበው መድኃኒቱን፥ ተስፋ ለቈረጠበት ውሃውን ሊሰጥ ይችላል፤ በመጨረሻም የሚታየው ልዩነት የመድኃኒቱ ሳይሆን የመራጩ ይሆናል። ዕጣ ግን ፊት አይቶ አያዳላም፤ ባለጠጋውንና ድኻውን፥ ብርቱውንና ደካማውን በሁለቱም ወገን እኩል ይበትናል። የሚነቀፈው ዕጣ የሌላውን ሰው ልብስ ለመካፈል የሚጣለው ዕጣ ነው፤ እውነትን ያለ አድልዎ ለማግኘት የሚጣለው ከዚያ የተለየ ነው።

ሁለተኛው፥ «መድኃኒት እያለ ውሃ መስጠት ጭካኔ ነው» የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ ልብን ይነካል፤ ነገር ግን መድኃኒቱ መድኃኒት እንደ ሆነ አስቀድሞ የተረጋገጠ አድርጎ ይነሣል። ጥያቄው ግን ይኸው ነበር። በክራሽ ምርመራ እድለኞች የነበሩት ውሃውን የተቀበሉት ናቸው። መድኃኒት ተብሎ የተጠራ ሁሉ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ መርማሪ ባላስፈለገ ነበር። ስም ግን በሽታን አይፈውስም። የሚጠቅም እንደ ሆነ በእውነት የታወቀውን ከልክሎ በዕጣ የሚጫወት ሐኪም ቢኖር እርሱ በእውነት ጨካኝ ነው፤ በእውነት የማያውቅና አለማወቁን የሚናገር ግን ጨካኝ አይባልም።

ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ነው። «ሰውየው አልተጠየቀም» ይላል። በዚህ ነገር ታሪክ የሚያስፈራ ምስክር አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመን ሐኪሞች በእስር ሰፈር ባሉ ሰዎች ላይ ያደረጉት ግፍ በኑረምበርግ ከተማ ከተመረመረ በኋላ፥ ዳኞቹ በ1947 ዐሥር አንቀጽ ያለው ሕግ ጻፉ። የመጀመሪያው አንቀጽ፥ የሚመረመረው ሰው በነጻነት የሰጠው ፈቃድ ከቶ የማይቀር ነገር ነው ይላል። ይህ ሕግ በብዙ ደም የተገዛ ስለ ሆነ በቀላል የሚታለፍ አይደለም።

ደግሞም ከጥንት የምናውቀው የምርመራ ምሳሌ ይህንኑ የሚያጸና ይመስላል። ዳንኤልና ሦስቱ ጓደኞቹ በባቢሎን ንጉሥ ቤት ሳሉ ጥራጥሬና ውሃ ብቻ ተሰጥቶአቸው ዐሥር ቀን ያህል እንዲፈተኑ፥ ከዚያም ፊታቸው የንጉሡን መብል ከሚበሉት ጋር እንዲተያይ ለመኑ። በዚህ ውስጥ ጊዜው የተወሰነ ነው፤ የሚተያየው ወገን ተለይቶአል፤ ፍርዱም በመታየት እንጂ በመታመን አይደለም። የመርማሪዎች ሥራ ሁሉ ባጭሩ በዚያ ይገኛል። ነገር ግን አንድ ታላቅ ልዩነት አለ፤ «ፈትነን» ብሎ የለመነው ዳንኤል ራሱ ነው። ራሱን የተመታ ሰው ግን እንደ ዳንኤል ሊለምን አይችልም።

እንግዲህ የማይናገረው ሰው የሚመስለው ማንን ነው? የሚመስለው በኢየሩሳሌምና በኢያሪኮ መንገድ በወንበዴዎች ተደብድቦ በሕይወትና በሞት መካከል የተጣለውን ሰው ነው። ሳምራዊው ቁስሉ ላይ ዘይትና ወይን ባፈሰሰበት ጊዜ ፈቃዱን አልጠየቀውም፤ ቢጠይቀውም የሚመልስለት አልነበረም። ስለዚህ ማንም አልነቀፈውም። ይህ የሚያሳየን፥ መናገር የማይችለውን ሰው ለራሱ ጥቅም ሳይጠይቁ መንካት በደል አለመሆኑን ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው እምብርት ደረስን። ስቴሮይድን በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ያለ ምርመራ የተቀበሉት ቁስለኞች ፈቃዳቸው ተጠይቆ ነበርን? አልተጠየቀም። አእምሮአቸውን ስተው ነበርና ሊጠየቁ አይችሉም ነበር። የመድኃኒቱ ጥቅም ያልታወቀ ሲሆን ያለ ፈቃድ መስጠትስ ምን ይባላል? ይህም ምርመራ ነው፤ ልዩነቱ ቈጣሪ የሌለው ምርመራ መሆኑ ብቻ ነው። ያልታወቀውን መድኃኒት ለሁሉ የሚሰጥ ሐኪም «እኔ በሰው ላይ አልሞክርም» ቢል ራሱን ያታልላል፤ በየቀኑ ይሞክራል፥ ነገር ግን ከሙከራው አንዳች አይማርም። እንግዲህ ምርጫው በመሞከርና ባለመሞከር መካከል አይደለም፤ እየቈጠሩ በመሞከርና ሳይቈጥሩ በመሞከር መካከል ነው። «አልተጠየቀምና አይመርመር» የሚለው ፍርድ በቃሉ እንዳለ ቢጠበቅ፥ አእምሮውን የሳተው ሰው ከሰው ሁሉ ተለይቶ ለዘላለም ላልተመረመረ ቅጠል ይተዋል። ሊጠብቀው የወጣው ሕግ ይጥለዋል ማለት ነው።

የዓለም ሐኪሞች ማኅበርም ይህን ችግር አይቶአል። በ1964 በሄልሲንኪ ከተማ ያወጣው፥ ከዚያም ወዲህ በየጊዜው እየታረመ የመጣው መግለጫ፥ ፈቃድ ለመስጠት የማይችለው ሰው የሚመረመረው ፈቃድ ከመስጠት የከለከለው ሕመም ራሱ የምርመራው ጉዳይ የሆነ እንደ ሆነ ነው ይላል። እንዲህም ሲሆን ሰውየው ራሱ ወይም ስለ እርሱ የሚናገር ሰው እንደ ተገኘ ወዲያው ይጠየቃል። በምርመራው ለመቈየት አልፈቅድም ቢል ይተዋል።

«ዘመዱ ቢጠየቅስ?» የሚል ይኖራል። ዘመድ በአጠገብ ካለ መጠየቁ መልካም ነው፤ ነገር ግን ይህም ዋጋ አለው። በክራሽ ምርመራ የዘመድ ፈቃድ ግድ በሆነባቸው ሐኪም ቤቶች ሕክምናው በአማካይ ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይቶ ተገኝቶአል። በእኛም አገር በመንገድ ላይ መኪና የመታው ሰው በማያውቁት ሰዎች ተሸክሞ ሐኪም ቤት ሲደርስ፥ እናቱ ግን በሩቅ ገጠር ሳለች የምናየው ነው። ደግሞስ ልጅዋን በደም ተነክሮ ያየች እናት «ይህ መድኃኒት ይጠቅም ይጎዳ አይታወቅም፤ በዕጣ እንስጠው ወይ?» ተብላ ብትጠየቅ ምን ትመልሳለች? «እንደ ወደዳችሁ አድርጉ፥ ብቻ አድኑልኝ» ትላለች። ይህ ልመና ነው እንጂ ፈቃድ አይደለም። ፈቃድ ብለን ብንጽፈው ሸክሙን ከሐኪሙ ትከሻ አንሥተን በእናቲቱ ላይ መጫናችን ነው፤ ልጅዋ ቢሞትም «እኔ ፈቅጄ» እያለች ዕድሜዋን ሁሉ ስታለቅስ ትኖራለች።

የሰዓትን ነገር በቀላል እንዳናየው የሚከተለው ምሳሌ ይረዳናል። ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለ መድኃኒት አለ፤ ያገኙት ኡታኮና ሾሱኬ ኦካሞቶ የተባሉ የጃፓን ባልና ሚስት ሲሆኑ በ1962 ለዓለም አስታወቁት። ሥራውም የረጋውን ደም ፈጥኖ እንዳይሟሟ በማድረግ መድማትን ማገድ ነው። ይህንኑ ራሳቸውን በተመቱ ሰዎች ላይ ለመመርመር ሦስተኛው ክራሽ የተባለው ሥራ ተደርጎ በ2019 ታተመ፤ በ29 አገሮች 12,737 ሰዎች ገብተውበታል። በሦስት ሰዓት ውስጥ ከታከሙት መካከል በራስ ጉዳት የሞቱት መድኃኒቱን ከተቀበሉት ከመቶው 18.5፥ ካልተቀበሉት ከመቶው 19.8 ሆኑ፤ ይህ ልዩነት ብቻውን ቢታይ በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ነው። ጉዳታቸው ቀላልና መካከለኛ በሆነው ዘንድ ግን ሞት ቀንሶ ተገኘ፤ ፈጥኖ የተሰጠውም ዘግይቶ ከተሰጠው ይልቅ ጠቀመ። ጉዳታቸው እጅግ በከበደው ዘንድ ግልጥ ጥቅም አልታየም። እንግዲህ ጥቅሙ መጠነኛ ነው፤ መጠኑንም ያወቅነው ስለ ተቈጠረ ነው። በእንዲህ ያለ ሕመም ዘመድ ሲፈለግ የሚያልፈው ሰዓት ከሕይወት ላይ የሚቈረጥ ነው።

ይሁን እንጂ፥ የማይናገረውን ሰው መመርመር የተፈቀደ ነው ካልሁ በኋላ የምፈራውንም ልናገር ይገባኛል። ዝም ያለ ሰው ለሁሉ ይመቻል። አይከስም፥ አይጠይቅም፥ አያፍርም። ለእውነት ብሎ የጀመረ መርማሪ ለስሙ ወይም ለመድኃኒት ነጋዴ ገንዘብ ብሎ ሊጨርስ ይችላል። ተስፋም ራሱ ሰውን ያሳውራል። በአትላንታ ከተማ በኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ዶናልድ ስታይን የተባሉ ሊቅ፥ አንጎላቸው ከተጎዳ አይጦች እንስቶቹ ከተባዕቶቹ ይልቅ እንደሚሻላቸው ባዩ ጊዜ ፕሮጄስተሮን የተባለው የሴት ሆርሞን አንጎልን ይጠብቃል ብለው ተስፋ አደረጉ። በአይጥ ላይ ብዙ ጊዜ ታየ፤ በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረገውም ሙከራ መልካም መሰለ። በኋላ ግን ሁለት ታላላቅ ምርመራዎች፥ አንዱ በአሜሪካ በ882 ሰዎች፥ ሁለተኛው በ21 አገሮች በ1,195 ሰዎች ተደርገው በ2014 ሲታተሙ ምንም ጥቅም አልተገኘበትም። ይህን የሠሩትን አመሰግናለሁ፤ ተስፋቸው በፈረሰ ጊዜ መፍረሱን አልሸሸጉምና።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ይህ ሥራ የሚፈቀደው በአምስት ነገር ተጠብቆ ነው። መጀመሪያ፥ አለማወቁ እውነተኛ ይሁን፤ ሐኪሙ በልቡ የሚያውቀውን የማያውቅ መስሎ አይመርምር። ሁለተኛ፥ ምርመራው ለዚያው ሕመም ይሁን፤ ዝምታው የተመቸ ስለ ሆነ ብቻ በማይናገረው ሰው ላይ ለሌላ ሰው በሽታ አይሞከር። በድኻ አገር ሰው ላይ የተሞከረውም መድኃኒት በተገኘ ጊዜ ለዚያው አገር ሰው ይድረሰው። ሦስተኛ፥ ከሥራው የማይጠቀሙ ጠባቂዎች ይኑሩ፤ በክራሽ እንደ ሆነው ጉዳት ባዩ ጊዜ ያስቁሙ። አራተኛ፥ ሕዝቡ አስቀድሞ ይወቅ፤ በአሜሪካ ከ1996 ጀምሮ ያለው ደንብ ያለ ፈቃድ የሚደረግ የድንገተኛ ሕክምና ምርመራ ከመጀመሩ በፊት ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ምክር እንዲደረግና ነገሩ በግልጥ እንዲነገር ያዝዛል። ይህ የአንዱን ሰው ፈቃድ አይተካም፤ ነገር ግን ሥራውን ከስውር ወደ ብርሃን ያወጣዋል። አምስተኛ፥ የነቃው ሰው ወይም ቤተ ሰቡ የተደረገለትን ሁሉ ይነገረው፤ ውጤቱም ቢያስመሰግን ቢያሳፍርም ይታተም።

ስለ አምስተኛው ነገር ጥቂት ልጨምር። የሳምራዊውን ታሪክ ስንሰማ ዘይቱንና ወይኑን እናስባለን፤ ነገር ግን ሰውየውን ወደ እንግዳ ማደሪያ አደረሰው፥ ለባለቤቱም ሁለት ዲናር ከፈለ፥ ሲመለስም የቀረውን ሊከፍል ቃል ገባ። ሳይጠይቅ የነካው ሰው ባለዕዳ እንደ ሆነ ያውቅ ነበር። የክራሽ መርማሪዎችም ከስድስት ወር በኋላ ተመልሰው ስለ ቁስለኞቹ ጠየቁ፤ በዚያን ጊዜ መድኃኒቱን ከተቀበሉት ከመቶው 25.7፥ ውሃውን ከተቀበሉት ከመቶው 22.3 ሞተው ተገኙ። ተመልሶ የሚጠይቅ መርማሪ ሰውን እንደ ሰው ያየ ነው፤ ቈጥሮ የሚሄድ ግን እንደ ዕቃ ያየ ነው።

አሁን እነዚያን 1,052 ሰዎች እናስብ። በሌላው ወገን ከሞቱት በ159 ይበልጣሉ። እነዚህ 159 ሰዎች ውሃው ቢደርሳቸው ኖሮ በሁለቱ ሳምንት ውስጥ ባልሞቱ ነበር ብለን መገመት እንችላለን፤ ነገር ግን ከ1,052ቱ የትኞቹ እንደ ሆኑ ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቅ የለም። ተበድለዋልን? ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ አመላልሼዋለሁ። በዚያው ዘመን ከምርመራው ውጭ በነበሩ ሐኪም ቤቶች ያንኑ መድኃኒት ተቀብለው የሞቱ ብዙ ናቸው፤ የእነርሱ ሞት ግን ማንንም አላስተማረም፤ «ምቱ ብርቱ ነበረ» ተብሎ ተቀበሩ። የእነዚህ ሞት ግን ስለ ተቈጠረ ከእነርሱ በኋላ የመጡትን አተረፈ። እንግዲህ በደሉ በመቍጠር አልመጣም፤ በደሉ ሳይቈጠር ከቀረባቸው ዓመታት የመጣ ነው። ይሁን እንጂ «ለብዙዎች ጥቅም ሆኑ» ብለን ሒሳቡን መዝጋት አይገባንም። እነርሱ ለብዙዎች እንሙት አላሉም። የሰጡን ሳይጠየቁ ስለ ሆነ፥ ከለመኑ ሰዎች ይልቅ ለእነርሱ ያለብን ዕዳ ይበልጣል።

ይህን የምጽፈው ሐኪሞች ብቻ እንዲያነቡት አይደለም። ካህን በሌሊት ተጠርቶ የቁስለኛ ቤተ ሰብ በሚያለቅስበት ደጅ ይቆማል፤ የተማረ የከተማ ሰውም ስለ ዘመዱ እንዲናገር ይጠየቃል። በዚያን ጊዜ ሐኪሙ «ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል አናውቅም» ቢላችሁ ንቀት ወይም ድንቍርና አይምሰላችሁ፤ ይልቁንም «ይህ በእርግጥ ያድነዋል» ብሎ ያለ ማስረጃ የሚምልላችሁን ፍሩ። ግን ደግሞ ዝም ብላችሁ አትለፉ። ጥቅሙ በእውነት ያልታወቀ ነውን? ጉዳት ቢታይ የሚያስቆመው ማን ነው? ሲነቃ የሚነግረው፥ ቢሞትም ለእናቱ የሚነግራት ማን ነው? ብላችሁ ጠይቁ። እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች የሚመልስላችሁ ሐኪም ቢገኝ የዘመዳችሁን አንደበት በዐደራ ልትሰጡት ይቻላል።

ያ ቅጠል የጨመቁት ሽማግሌ ደግ ሰው ነበሩ፤ ክፍያም አይቀበሉም ነበር። ሁለተኛው ልጅ በሞተ ጊዜ ከእኛ ይልቅ አልቅሰዋል። ቅጠሉ ረድቶ ይሁን ጎድቶ፥ ወይም አንዱንም ሳያደርግ ቀርቶ እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እርሳቸውም አላወቁም። የጎደላቸው ርኅራኄ አልነበረም። የጎደላቸው፥ የጎደለንም፥ የኔታ በመንገድ ላይ የጠየቁንን ጥያቄ ከቀብሩ በፊት መጠየቅ ነበር።